በአዲስ አበባ ዳርቻ ለደንበኛ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ መምረጥ

ለአነስተኛ በጀት በሚገጣጠም ኮምፒውተር ላይ ለብቻው የሚሰካ ግራፊክስ ካርድ አይኖርም። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚያዘጋጀው በማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶና በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ላይ የተከፈቱ የጥገና ሱቆች ለደንበኛ የሚገጣጥሙት ኮምፒውተር በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ደንበኞቹ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ሒሳብ የሚይዙ ትንንሽ ድርጅቶችና ተማሪ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። በፓወር ግዕዝ ማመልከቻ መጻፍ፣ በፒችትሪ ሒሳብ መመዝገብ፣ የተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል ማጠናቀር፣ ቪዲዮ ማየት፣ ይህ ሁሉ አብሮ በተሠራ ግራፊክስ ያለ ችግር ይከናወናል። ለዚህ ሥራ የተለየ ካርድ ማስገዛት የደንበኛን ገንዘብ ማባከን ነው።

የኮምፒውተሩን ዕድሜ የሚወስነው ግን ማዘርቦርዱ ነው። ራም ሲያንስ ይጨመራል፤ ሃርድ ዲስክ ሲዘገይ በኤስኤስዲ ይተካል። ማዘርቦርዱ ከተበላሸ ወይም ከመጀመሪያው በስህተት ከተመረጠ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩም ራሙም አብረው ዋጋ ያጣሉ። ከዳርቻ ሰፈር ተነሥቶ መገናኛ ወይም መርካቶ ድረስ መለዋወጫ ፍለጋ መመላለስ ደግሞ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ የሚጣራው ሁሉ ከግዢ በፊት መጣራት አለበት፤ መጀመሪያ የሚጣራውም ምስሉ ከየት እንደሚወጣ ነው።

ግራፊክሱ ወዴት ሄደ

እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ ግራፊክሱ በእርግጥም ማዘርቦርዱ ላይ፣ የቦርዱን ክፍሎች በሚያገናኘው ቺፕሴት የተባለ ቺፕ ውስጥ ነበር። ኢንቴል በ1999 ባወጣው 810 የተባለ ቺፕሴት የጀመረው መንገድ በ2007 ወደ ጂ31፣ በ2008 ወደ ጂ41 ደረሰ። ሌላው የፕሮሰሰር አምራች ኤኤምዲም በ2008 ጥሩ ስም ያተረፈውን 780ጂ አወጣ። በእነዚህ ቦርዶች ላይ የሚስማማቸው ፕሮሰሰር የትኛውም ቢሆን ምስል ይወጣል። በ2010 መጀመሪያ ግን ኢንቴል ግራፊክሱን ወደ ፕሮሰሰሩ ማሸጊያ አስገባው፤ በ2011 ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ቺፕ ላይ አዋሐደው። ኤኤምዲም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ምርት ይዞ ገበያ ገባ።

ከዚያ ወዲህ በማዘርቦርዱ ጀርባ የሚታየው የኤችዲኤምአይ ወይም የቪጂኤ ቀዳዳ መውጫ ብቻ ነው። ምስሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ፣ ግራፊክስ የሌለው ፕሮሰሰር ከተሰካ ቀዳዳው ባዶ ነው። ብዙ ደንበኛ፣ አንዳንድ ሻጭም ጭምር፣ ይህን አያውቅም፤ ቦርዱ መውጫ ካለው ግራፊክስ አለው ብሎ ያምናል። በአነስተኛ በጀት ግዢ ላይ ከሚደርሱ ኪሳራዎች አብዛኞቹ ከዚህ እምነት የሚመነጩ ይመስለኛል። ኢንቴል ከ2019 ወዲህ በስማቸው መጨረሻ ኤፍ የሚል ፊደል ያለባቸውን ግራፊክስ አልባ ፕሮሰሰሮች በዋጋ ቀነስ አድርጎ ይሸጣል። ኮር አይ3-12100 ግራፊክስ አለው፤ ኮር አይ3-12100ኤፍ የለውም። በኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ማስገቢያ) ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ የሚፈለገው ጂ የሚል ፊደል ነው። ራይዘን 3 3200ጂ እና ራይዘን 5 5600ጂ ምስል ያወጣሉ፤ ራይዘን 5 3600፣ 5500 እና 5600 አያወጡም። ይህን ያላጣራ ሰው ኮምፒውተሩን ገጣጥሞ ሲያበራ ፋኑ ይዞራል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ከዚያ ራሙን እየነቀለ መሰካት፣ ከዚያ ማዘርቦርዱን መጠርጠር ይከተላል። የተበላሸ ነገር ሳይኖር ቀኑ ይመሻል።

በገበያው የሚገኙ ቦርዶች

ከኢንቴል ወገን በርካሽ የሚሸጡት ቦርዶች ኤች በሚል ፊደል የሚጀምሩት ናቸው፦ የ2011ዱ ኤች61፣ የ2013ቱ ኤች81፣ የ2015ቱ ኤች110፣ የ2018ቱ ኤች310፣ የ2020ው ኤች410፣ የ2021ዱ ኤች510 እና የ2022ቱ ኤች610። ኤች61 እና ኤች81 በዲዲአር3 ራም የሚሠሩ ሲሆኑ ሁለቱም ከ16 ጊጋባይት በላይ አይቀበሉም። ኤች61 የዩኤስቢ 3 እና የፈጣኑ ሳታ (የዲስክ ማገናኛ) መስመር በራሱ ቺፕሴት ውስጥ የለውም፤ ኤች81 ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ በዋጋ ተቀራራቢ ሆነው ከቀረቡ ኤስኤስዲ ለሚገጠምለት ደንበኛ ኤች81 ይሻላል። በሳጥን ታሽገው እንደ አዲስ የሚሸጡት የኤች61 እና የኤች81 ቦርዶች ብዙ ጊዜ ቺፕሴታቸው ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ነው። ይሠራሉ፤ ነገር ግን ሳጥኑ አዲስ ስለሆነ ብቻ የአዲስ ዋጋ ሊከፈልባቸው አይገባም።

ኤች110 እና ኤች310 ላይ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ኤልጂኤ 1151 የተባለ ሶኬት አላቸው፤ ፕሮሰሰሩም በሁለቱም ላይ በትክክል ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ትውልድ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር ኤች110 ላይ አይሠራም፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ትውልድም ኤች310 ላይ አይሠራም። በኤች610 ላይ ደግሞ የራሙ ዓይነት ይለያያል፤ አንዳንዱ ሞዴል ዲዲአር4 ብቻ፣ ሌላው ዲዲአር5 ብቻ ይቀበላል። የቦርዱን ስም ሙሉ በሙሉ ሳያነቡ ራም መግዛት አይገባም።

ዛሬ ላይ ወሳኙ ድንበር ስምንተኛው ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። ይህ ክፍል ኤች310ን በመሰሉ ቦርዶች ላይ ባዮስ በተባለው የቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ተዘግቶ ይገኛል፤ ፒቲቲ የሚለውን ምርጫ ማብራት ብቻ ይበቃል። አንድ ድርጅት ኮምፒውተሩን ለዓመታት ሊሠራበት ከሆነ ከኤች310 በታች መውረድ አልመክርም። ከኢንተርኔት ጋር ለማይገናኝ የጽሕፈት ሥራ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ኤች81ን ቢመርጥ ገንዘቡን በአግባቡ ተጠቅሞበታል።

ከኤኤምዲ ወገን ኤ320 እና ኤ520 የተባሉት ቦርዶች በርካሽ ይገኛሉ። በአብሮ ግራፊክስ ጥንካሬ ኤኤምዲ ከተቀራራቢው የኢንቴል ምርት ይበልጣል፤ 5600ጂን ኤ520 ላይ የገጠመ ደንበኛ ቀላል ጨዋታዎችን ሳይቀር ይጫወታል። 3200ጂ ግን ለኤ520 ከተፈቀዱት ፕሮሰሰሮች ውስጥ ስለሌለ በኤ320 ወይም በቢ450 ላይ ይገጠማል።

ራም ሁለት ሲሆን

አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ማኅደረ ትውስታ የለውም፤ ከኮምፒውተሩ ራም ይካፈላል። ባለ 4 ጊጋባይት ኮምፒውተር ላይ ይህ ድርሻ በግልጽ ይጎዳል። ከመጠኑ ሌላ ፍጥነቱም አለ። በ2400 የሚሠራ አንድ ዲዲአር4 ራም በሰከንድ እስከ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሲሆኑ መስመሩ እጥፍ ሆኖ 38.4 ይደርሳል። ለጽሕፈት ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ለሚጫወት ሰው ግን ከፕሮሰሰር ለውጥ የማይተናነስ ጥቅም አለው። ስለዚህ በአንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ፈንታ ሁለት ባለ 4 መግጠም ለግራፊክሱ ይበጃል። ርካሽ ቦርዶች ብዙውን ጊዜ ሁለት የራም ማስገቢያ ብቻ ስላላቸው ግን ሁለቱም ይያዛሉ፤ ደንበኛው ወደፊት ሊያሳድገው ያስብ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የደንበኛው ስክሪን

በዳርቻ ሰፈሮች አዲስ ኮምፒውተር ያዘዘ ደንበኛ ስክሪኑን አይቀይርም፤ ያለው ስክሪንም ብዙ ጊዜ ቪጂኤ ብቻ የሚቀበል ነው። ከ2015 ወዲህ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የቪጂኤ ምልክት በቀጥታ አያወጡም፤ በቦርዱ ላይ የሚታየው የቪጂኤ መውጫ በትንሽ መቀየሪያ ቺፕ የሚሠራ ነው። ይህ ለደንበኛው የሚፈጥረው ችግር የለም። ችግር የሚሆነው ቦርዱ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሲኖረው ነው። ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ ለመለወጥ ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ እንጂ ተራ ገመድ አይበቃም። ቪጂኤ እና ኤችዲኤምአይ ሁለቱንም የያዘ ቦርድ መምረጥ ዛሬ አሮጌውን ስክሪን ያስጠቅማል፤ ነገ አዲስ ሲገዛም ያገለግላል።

ያገለገለ ቦርድ ሲመረመር

ያገለገለ ማዘርቦርድ መጀመሪያ የሚታየው ሶኬቱ ነው። በእነዚህ የኢንቴል ቦርዶች ላይ ከሺህ በላይ የሆኑት ቀጫጭን እግሮች የሚገኙት ማዘርቦርዱ ላይ እንጂ ፕሮሰሰሩ ላይ አይደለም። የስልክ መብራት ከጎን ሲበራባቸው ሁሉም እኩል ያበራሉ፤ አንዷ ከጎነበሰች በብርሃኑ መሃል ጥቁር ነጥብ ሆና ትለያለች። አንዲት የተጣመመች እግር አንዱን የራም ማስገቢያ ከሥራ ውጪ ልታደርገው ትችላለች። ቀጥሎ ካፓሲተሮቹ፣ ኃይሉን የሚያረጋጉት ትንንሽ ሲሊንደሮች፣ ይታያሉ፤ በተለይ በጂ31ና በጂ41 ዘመን ቦርዶች ላይ አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካለ ቦርዱ ይመለሳል። በኋላ የተሠሩት በጠንካራ ካፓሲተር ስለሚሠሩ ይህ ችግር በእነርሱ ላይ ጥቂት ነው። ከዚያ ቦርዱ በአንድ ራም፣ ያለ ዲስክ ይበራና ባዮስ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም የራም ማስገቢያዎች፣ ሁሉም የዩኤስቢ ቀዳዳዎችና የምስል መውጫዎቹ በየተራ ይሞከራሉ። ሰዓቱ በጠፋ ቁጥር የሚዛባ ከሆነ ሲአር2032 የተባለችውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ መቀየር ብቻ ይበቃል፤ በዚህ ምክንያት ቦርድ መጣል አይገባም።

ከታዋቂ አምራቾች የቢሮ ኮምፒውተር የተፈታ ማዘርቦርድ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ጥራቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አንዳንዶቹ የዴልና የኤችፒ ሞዴሎች በመደበኛው ባለ 24 እግር ፓወር ሰፕላይ ምትክ ባለ 8 ወይም ባለ 6 እግር መሰኪያ ይጠቀማሉ። ቅርጻቸውም በተራ የኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ ላይስማማ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቦርድ ለብቻው ከመግዛት ሙሉ ኮምፒውተሩን መግዛት ያዋጣል።

መብራትና አየር

በዳርቻ ሰፈሮች መብራት ይሄዳል፤ ተመልሶ ሲመጣም ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ እዚህ ላይ የሚጠቅመው ነገር አለ። የተለየ ካርድ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻ እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ያ ሲቀር አነስተኛ ዩፒኤስ ፋይል አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ለማዘርቦርዱ የተሻለ ከለላ የሚሆነውም ከዲቫይደር ይልቅ ዩፒኤስ ነው። የከተማዋ ከፍታ 2,300 ሜትር አልፎ ስለሚሄድ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋን በዚህ አየር ሙቀትን የሚያወጣው በመጠኑ በቀነሰ አቅም ነው። በግንባታ አካባቢ ያለው አቧራ ሲጨመርበት የፕሮሰሰሩ ፋን መጽዳት የጥገናው መደበኛ ክፍል ይሆናል።

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ደንበኛ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ከ2011 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ የኢንቴል አብሮ ግራፊክሶች ቪዲዮን በፍጥነት የሚጨምቅ ክፍል ስላላቸው ለመጀመሪያው ጊዜ ያለ ካርድ መሥራት ይቻላል። ማዘርቦርዱ ግን ረጅሙ የካርድ ማስገቢያ ሊኖረው፣ ፓወር ሰፕላዩም ኋላ ለሚገዛው ካርድ የሚተርፍ አቅም ሊኖረው ይገባል። በዚህ ሁኔታ ኤች610ን ከ12100 ጋር፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራም ጨምሮ መግጠም ከአሮጌ ቦርድና ከአሮጌ ካርድ ጥምረት ይልቅ ለደንበኛው ይረባዋል።