ቁስሉ ድኖ የማይለቅ ሕመም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው ሽፍታው ደርቆ ቆዳው ከዳነ ከወራት በኋላም የሸሚዝ ንክኪ እንደ እሳት ሊያቃጥለው ይችላል። ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ወይም እየተመላለሰ የሚነሣ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል።

«ቁስሉ ከዳነ የቀረው የሐሳብ ነው።» ታማሚን ከሁሉ የሚጎዳው አባባል ይህ ነው። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ክሊፎርድ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ከጉዳት በኋላ የሚባባሰው ስሜት ከተጎዳው ቦታ ብቻ እንደማይመነጭና በኅብለ ሰረሰር ውስጥም ለውጥ እንደሚከሰት አሳይቷል።

«የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሥራቸው ተህዋስያንን መዋጋት ብቻ ነው።» በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች አሉ። የእነዚህን ሴሎች ሚና ለማወቅ በሚደረግ ሙከራ ሕመምን ለመለካት አይጡ ወንፊት በመሰለ የሽቦ ወለል ላይ ይቆማል፤ ተመራማሪው ከሥር በቀጭን የናይለን ክር መዳፉን እየነካ፣ እግሩን የሚሰበስበው በምን ያህል ግፊት እንደሆነ ይመዘግባል። ነርቩ የተጎዳ አይጥ እጅግ ለስላሳ በሆነው ክርም ይሰበስባል። የጃፓንና የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳተሙት፣ ኤቲፒ በተባለ ንጥረ ነገር የነቃ ማይክሮግሊያ ምንም ጉዳት ያልደረሰበት አይጥ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሲገባ፣ ያም አይጥ ለንክኪው እንደ ተጎዳው ሆነ። ከ2 ዓመት በኋላ ምክንያቱ ታወቀ፦ እነዚህ ሴሎች ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ፣ እሱም የሕመም መልእክትን የሚገታውን ሥርዓት ያዳክማል።

«የወንድም የሴትም ሕመም መንገዱ አንድ ነው።» ለዓመታት ጥናቱ በአብዛኛው በወንድ አይጦች ላይ ስለተደረገ ማንም አልጠየቀም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ግን ማይክሮግሊያን መግታት የወንዶቹን አይጦች ሕመም ሲያስታግስ ለሴቶቹ አልሠራም፤ በሴቶቹ ዋናውን ድርሻ የያዙት ቲ ሴሎች የተባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች እንደሆኑ ማስረጃው ጠቁሟል።

«ብግነት (የተጎዳ አካል ማበጥ፣ መቅላትና መሞቅ) ሁሉ ክፉ ነው፣ ቶሎ መታፈን አለበት።» በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳዩት፣ የወገብ ሕመማቸው የለቀቃቸው ሰዎች በመጀመሪያው ሰሞን ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው በብርቱ ይሠሩ ነበር። ከየመድኃኒት ቤቱ የምንገዛው፣ ብግነትን የሚያፍነው ዳይክሎፌናክ በአይጦች ላይ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ቆይታውን አራዘመው፤ ብግነትን የማይነኩ ማስታገሻዎች ግን ይህን አላስከተሉም። የአይጥ ውጤት ብቻውን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ለማቋረጥ አይበቃም፤ ጉዳዩ በሰዎች ላይ በሚደረግ የሕክምና ሙከራ መረጋገጥ ይኖርበታል።