የፈላስፋው ድንጋይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እርሳስንና መዳብን የመሰሉ ርካሽ ብረቶችን ወደ ወርቅ ይለውጣል የተባለለት «የፈላስፋው ድንጋይ» ለብዙ መቶ ዓመታት የአልኬሚስቶች፣ ማለትም ከዘመናዊው ኬሚስትሪ በፊት ብረቶችን ለመለወጥ ይሞክሩ የነበሩ ሰዎች፣ ዋነኛ ፍለጋ ነበር። ስለ ፈላጊዎቹ በተለምዶ የሚነገረው ግን ብዙ እርማት ያስፈልገዋል።

«አልኬሚስቶች በሙሉ አጭበርባሪዎች ወይም ሞኞች ነበሩ»

አጭበርባሪዎች መኖራቸው አይካድም፤ ሁሉንም በጅምላ ማንቋሸሽ ግን የሳይንስን ታሪክ ያዛባል። በጃቢር ኢብን ሐያን ስም የሚታወቁት የዐረብኛ ጽሑፎች ብረቶች ሁሉ ከድኝና ከባዜቃ እንደሚገኙ፣ ልዩነታቸውም የመጠንና የንጽሕና ጉዳይ እንደሆነ ያስተምሩ ነበር። ይህን የተቀበለ ሰው መጠኑን በማስተካከል እርሳስን ወርቅ ማድረግ ይቻላል ብሎ ቢያምን ሐሳቡ ከመነሻው ጋር ይስማማል። አይዛክ ኒውተን ስለ አልኬሚ አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት ጽፏል። የኬሚስትሪ ሊቁ ሮበርት ቦይል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1404 በእንግሊዝ የወጣው፣ ወርቅና ብርን በዚህ ጥበብ ማብዛት የሚከለክለው ሕግ እንዲሻር ተሟግቶ፣ በ1689 ተሽሯል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ሞኞች የሚል አይገኝም።

«ኒኮላ ፍላሜል ድንጋዩን አግኝቶ ከበረ»

ፍላሜል በ1418 ያረፈ የፓሪስ ጸሐፊና የመጻሕፍት ነጋዴ ነበር። ሀብቱ የመጣው ከሥራውና ከባለቤቱ ከፔርኔል ንብረት ነው። በስሙ የሚጠራው የአልኬሚ መጽሐፍ የታተመው በ1612፣ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

«ፍለጋው ምንም ፍሬ አላፈራም»

የሀምቡርጉ ሄኒግ ብራንድ በ1669 ወርቅ የሚያስገኘውን ነገር ከሽንት ለማውጣት አስቦ ብዙ ሽንት እስኪወፍር ድረስ አፈላ፤ ዝቃጩን በብርቱ እሳት ሲያግለውም በጨለማ የሚያበራ ነገር ወጣለት። ይህ ፎስፈረስ ነበር። የሳክሶኒው ገዥ አውግስጦስ ወርቅ እንዲሠራለት ያሰረው ዮሐን ፍሪድሪክ ቦትገርም ወርቁን አላገኘም፤ ነገር ግን ከሳይንቲስቱ ቺርንሃውስ ጋር ባካሄደው ሙከራ በ1708 አውሮፓውያን ከምሥራቅ እስያ ያስመጡት የነበረውን ጠንካራ ፖርሴሊን (ነጭ የሸክላ ዓይነት) መሥራት ቻለ። በ1710 የተቋቋመው የማይሰን የፖርሴሊን ፋብሪካ የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

«እርሳስን ወደ ወርቅ መለወጥ ፈጽሞ አይቻልም»

በእሳትና በአሲድ አይቻልም፤ ምክንያቱም ኬሚካዊ ለውጥ የሚነካው የአቶምን ኤሌክትሮኖች እንጂ እምብርቱን (ኒውክለሱን) አይደለም። የእርሳስ እምብርት 82፣ የወርቅ ደግሞ 79 ፕሮቶኖች አሉት፤ ስለዚህ ሦስቱን ማስወጣት የግድ ነው። ይህን ጄኔቫ አጠገብ ያለው የሰርን (የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት) ግዙፍ የቅንጣቶች ማፋጠኛ አድርጎታል። ከ2015 እስከ 2018 በተካሄዱት ሙከራዎች፣ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ እየተጓዙ ሳይጋጩ በሚተላለፉ የእርሳስ እምብርቶች 86 ቢሊዮን ያህል የወርቅ እምብርቶች ተፈጥረዋል። የሁሉም ክብደት ተደምሮ ግን 29 ፒኮግራም፣ ማለትም ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛ በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ እነሱም ከመሣሪያው አካል ጋር ተላትመው ወዲያውኑ ፈራርሰዋል።