ፔሪዮዲክ ቴብልን ከጨው ጀምሮ ማንበብ

ደሴ ውስጥ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ባለ ብዙ ሳጥን የንጥረ ነገሮች ቻርት፣ ፔሪዮዲክ ቴብልን፣ አይረሳውም። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም እያልን እስከ 20ኛው ካልሲየም ሸምድደነዋል። ብዙዎቻችን እዚያው ቀረን። በጣም ያሳዝናል፤ ቴብሉን ማንበብ የቻለ ሰው ብዙ መሸምደድ አያስፈልገውም ነበር።

ከሰኞ ገበያ በተገዛ ጨው እንጀምር። ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ሶዲየም ብቻውን በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ሜታል ነው፤ ውሃ ሲነካው ስለሚቀጣጠል ላምባ ውስጥ ይቀመጣል። ክሎሪን ደግሞ መርዛማ ጋዝ ነው፣ በረኪና የሚሠራውም ከእሱ ነው። ታዲያ እነዚህ ሁለት አስቸጋሪዎች ተገናኝተው እንዴት ወጥ ላይ የሚነሰነስ ነገር ሆኑ?

መልሱ ቦታቸው ላይ አለ። የሳጥኑ ቁጥር የፕሮቶን፣ ማለትም በአቶሙ መሃል (አስኳል) ያሉት ፖዘቲቭ ቅንጣቶች ብዛት ነው፤ አስኳሉን የከበቡት ኤሌክትሮኖችም ያንኑ ያህል ናቸው። ሶዲየም 11ኛ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በሼል (በንብርብር) ሲደረደሩ 2፣ 8፣ 1 ይሆናሉ። ዳር ላይ የቀረችውን አንዷን ለመስጠት ይቸኩላል። ክሎሪን 17ኛ ነው፤ 2፣ 8፣ 7፤ አንድ ጎድሎታል። አንዱ ሰጠ፣ ሌላው ተቀበለ፣ በቃ።

ሁለቱም ሦስት ሼል ስላላቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ረድፉ ፔሪየድ ይባላል፤ 7 አሉ፤ ርዝመታቸው 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 ነው፣ ደምሩት፣ 118 ይመጣል። ከታች ለብቻቸው የተቀመጡት ሁለት መስመሮች የ6ኛውና የ7ኛው ረድፍ አካል ናቸው፤ ቻርቱ ከመጠን በላይ እንዳይሰፋ ነው የወረዱት። ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ ግሩፕ ነው፤ 18 አሉ፤ ዘመዳሞቹ የሚሰበሰቡት እዚህ ነው። ከሶዲየም ሥር ያለው ፖታሲየምም ዳር ላይ አንድ ኤሌክትሮን አለው፣ ውሃ ላይ ሲጣል እንዲያውም ይብስበታል። 18ኛው ግሩፕ ላይ ያሉት እነ ሂሊየምና ኒዮን ውጪኛው ሼላቸው ስለሞላ ከማንም ጋር እምብዛም ጉዳይ የላቸውም። መሃል ያለው ሰፊ ሜዳ የሜታሎች ነው፤ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር የምታዩት የቤት ክዳን ቆርቆሮ 26ኛው ብረት በ30ኛው ዚንክ ተለብጦ ነው።

ጨው ላይ ለእንቅርት መከላከያ የሚጨመረው አዮዲንም ክሎሪን ዓምድ ላይ ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የእሱ ታሪክ ነው። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ቴብሉን ሲያወጣ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ገደማ ነበሩ። እሱ የደረደራቸው በአቶማቸው ክብደት ነው፤ ላልተገኙት ደግሞ ክፍት ቦታ ተወ፤ አንዱን በ1875 የተገኘው ጋሊየም ሞላው። በክብደት ከሆነ ግን አዮዲን ከቴሉሪየም መቅደም ነበረበት፤ አዮዲን 126.9፣ ቴሉሪየም 127.6 ነዋ። ሜንዴሌቭ አሻፈረኝ አለ። ጠባዩ የእነ ክሎሪን ነው ብሎ አዮዲንን ወደ ኋላ አደረገው፣ ስህተቱ የሚዛኑ ነው ብሎም ጠረጠረ።

ሚዛኑ አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሞስሊ በኤክስሬይ ሲመረምር፣ ሰልፉን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን የአቶሙ አስኳል ቁጥር፣ ዛሬ የፕሮቶን ብዛት የምንለው፣ መሆኑን አሳየ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53። ሜንዴሌቭ ይህን ሳያይ ነው በ1907 የሞተው፤ አዮዲን ግን ዛሬም እሱ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።