የጌጅ ሲሜትሪና ፈንክሽናል ስልቶች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጌጅ ሲሜትሪ አንድን የተፈጥሮ ሁኔታ በብዙ ዓይነት ቁጥር መጻፍ የሚፈቅድ፣ አጻጻፉም በየቦታውና በየጊዜው ሊለያይ የሚችል ነጻነት ነው። ኤሌክትሮማግኔቲክ፣ ደካማውና ብርቱው ኃይል በዚህ ነጻነት ላይ ተመሥርተው ይጻፋሉ፤ ስበትም በራሱ መንገድ ዘመዳቸው ነው። ፈንክሽናል ስልቶች ደግሞ አንድ መስክ ሊይዘው የሚችለውን ቅርጽ ሁሉ ደምረው የሚለካ ውጤት የሚያወጡ የስሌት መንገዶች ናቸው። ሁለቱን ያገናኛቸው ችግር ነው፤ አንድ ሁኔታ በብዙ አጻጻፍ ከመጣ ድምሩ ውስጥ ተደጋግሞ ይቆጠራል።

ነገሩን በሰሜን ሸዋ መሬት ማሳየት ይቻላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሸዋ ሮቢት ከእሷ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ዜሮውን ከባሕር አንስተን ደብረ ብርሃን ላይ ብናደርገው ቁጥሮቹ ሁሉ ይለወጣሉ፤ የጣርማበር ቁልቁለት ግን ያው ነው፣ የጭነት መኪናውም ፍሬን ያው ይግላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በአንድ ዜሮ ተስማምቷል። ጌጅ የሚመጣው እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን ዜሮ ሲመርጥ ነው። ያኔ የአንኮበርን ቁጥር ከደብረ ሲና ቁጥር መቀነስ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ የአንዱ ቀበሌ ዜሮ ከጎረቤቱ ዜሮ በስንት እንደሚበልጥ የሚናገር ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። የጌጅ መስክ የሚባለው ያ ሰንጠረዥ ነው። አንዱ ቀበሌ ዜሮውን ቢቀይር ሰንጠረዡ አብሮ ይስተካከላል፣ የሚለካው ነገር አይነካም።

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በአንኮበር፣ በወፍ ዋሻ ደን፣ በደብረ ሲናና በጣርማበር ዞሮ የተመለሰ እግረኛ የወጣውንና የወረደውን ቢያቻችል ዜሮ ያገኛል። በጌጅ መስክ ግን ዞሮ መመለስ ትርፍ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል፤ የፊዚክሱ ይዘት ያለው በዚያ ትርፍ ውስጥ ነው። ያኪር አሃሮኖቭና ዴቪድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳዩት፣ ኤሌክትሮኖች የማግኔት መስክ በሌለበት መንገድ ቢያልፉም መንገዶቻቸው መስኩን ከከበቡት የፌዝ፣ ማለትም የሞገዳቸው የውጣ ውረድ ደረጃ፣ ልዩነት ይፈጠራል። የአኪራ ቶኖሙራ ቡድን በ1986 ይህን በሙከራ አረጋገጠ።

ሐሳቡን በ1918 ያነሳው ሄርማን ዌይል የርዝመት መለኪያ ራሱ ከቦታ ቦታ ሊቀየር ይችላል ብሎ ነበር። አይንስታይን ተቃወመ፤ እንዲያ ቢሆን የአንድ አቶም የብርሃን መስመሮች አቶሙ ባለፈበት መንገድ ይወሰኑ ነበር። ዌይል በ1929 ሐሳቡን ከርዝመት ወደ ኳንተም ፌዝ ሲያዛውረው ነገሩ ያዘለት። በ1954 ቼን ኒንግ ያንግና ሮበርት ሚልስ ቅደም ተከተላቸው ሲለዋወጥ ውጤታቸውም ወደሚለያይ ለውጦች አሰፉት። ቮልፍጋንግ ፓውሊ የእነዚህ መስኮች ቅንጣቶች ክብደታቸው ስንት ነው ብሎ ያንግን አፋጠጠው፤ ያን ጊዜ መልስ አልነበረም።

ወደ ስሌቱ እንምጣ። ፈንክሽን ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር ይመልሳል፤ ፈንክሽናል ግን ሙሉ ቅርጽ ተቀብሎ ቁጥር ይመልሳል። ፖል ዲራክ በ1933 ፍንጩን ሰጠ፣ ሪቻርድ ፋይንማን በ1948 ሙሉ ስልት አደረገው፦ እያንዳንዱ ሊሆን የሚችል ታሪክ በአክሽኑ፣ ማለትም ለሙሉው ታሪክ በሚሰጠው አንድ ቁጥር፣ የሚወሰን ፌዝ ይሰጠውና ሁሉም ይደመራል። ጁሊያን ሽዊንገር በበኩሉ መስኩን ከውጭ የሚነካ ምንጭ አስገባ። በዚህ ምንጭ ደጋግሞ ዲፈረንሼት ሲደረግ ድምሩ የቅንጣቶችን ግጭት ለማስላት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሰጣል።

ድግግሞሹ የሚያስቸግረው እዚህ ነው። በዜሮ ምርጫ ብቻ የሚለያዩ ቅጂዎች ስፍር ቁጥር ስለሌላቸው ድምሩ ወሰን የለሽ ይሆናል። ከእያንዳንዱ የቅጂ ቤተሰብ አንድ ተወካይ መምረጥ ግድ ነው፤ አመራረጡ ግን ወጥመድ አለው፣ በወረቀት ሠርቶ ማየትም ይቻላል። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ከመሃል በራቀ ቁጥር በርቀቱ ካሬ ኤክስፖነንሻል የሚቀንስ የጋውስ ፈንክሽን አለ እንበል። ገጹን ሙሉ ሲደመር ፓይ፣ ማለትም 3.14 ገደማ ይሰጣል። ፈንክሽኑ በማዕዘን ስለማይለወጥ ክቦቹ የቅጂ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከመሃል ወደ ቀኝ የሚሄድ ግማሽ መስመር ከእያንዳንዱ ክብ አንድ ነጥብ ይወክላል። በዚያ መስመር ላይ ብቻ ደምረን በሁለት ፓይ ብናባዛ 5.57 ይወጣል፤ ስህተት ነው። ትልቅ ክብ ከትንሽ ክብ ስለሚረዝም፣ ከመደመር በፊት ፈንክሽኑን በርቀቱ ማባዛት ነበረብን። ያ ሲደረግ 3.14 ይመለሳል።

ሉድቪግ ፋዴየቭና ቪክቶር ፖፖቭ በ1967 ይህንኑ ማባዣ ለጌጅ መስኮች ጻፉት። በተለመደው ኤሌክትሮዳይናሚክስ ማባዣው መስኩን ስለማይነካ ወደ ጎን ይጣላል። በያንግና ሚልስ መስክ ግን ማባዣው ራሱ በመስኩ ይወሰናል፤ በስሌት ውስጥ የሚገባውም ጎስት በሚባሉ ተጨማሪ መስኮች አማካይነት ነው። ጎስቶች ስፒናቸው (ውስጣዊ ሽክርክራቸው) ዜሮ ሆኖ ሳለ እንደ ኤሌክትሮን ጸባይ ያሳያሉ፤ ዲቴክተር ላይ አይደርሱም፣ በዝግ ቀለበት ውስጥ ብቻ ይዞራሉ። ስሌቱ እንዲገጥም ግን የግድ ይቆጠራሉ።

ተወካይ ከተመረጠ በኋላም የጌጅ ነጻነት ጨርሶ አይጠፋም። ቤኪ፣ ሩዌና ስቶራ፣ ለብቻውም ቲዩቲን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ጎስቶችን ያካተተ ሲሜትሪ እንደሚተርፍ አገኙ። ገራርድ ት ሆፍት እነዚህ መስኮች ትርጉም ያለው ውጤት እንደሚሰጡ በ1971 አሳየ፤ ከማርቲነስ ቬልትማን ጋር የ1999 የኖቤል ሽልማትን ተጋራ።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በተከፈተው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ይህን ለማጥናት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ትኩስ ሻይ ይበቃል። በእኔ እምነት በፋይንማን ሥዕሎች ከመጀመር ይልቅ የ3.14ቱን ዓይነት ትንንሽ ስሌቶች መሥራት ይቀድማል።

ያልተዘጋም ነገር አለ። ቭላድሚር ግሪቦቭ በ1978 እንዳመለከተው፣ የምንመርጠው መስመር አንዱን ቤተሰብ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊቆርጥ ይችላል፤ በምሳሌያችን ግማሹን ትተን ሙሉውን መስመር ብንወስድ እያንዳንዱን ክብ ሁለት ቦታ እንደምንቆርጠው ማለት ነው። ኬኔት ዊልሰን በ1974 ባቀረበው በኅዋና በጊዜ ጥልፍልፍ ላይ በሚሠራ ስሌት ድግግሞሹ ወሰን ስላለው ጎስት አያስፈልግም። ሆኖም የጥልፍልፉን ውጤት ከፈንክሽናል እኩልታዎች ጋር ማነጻጸር የሚፈልጉ ሰዎች እዚያም ተወካይ ይመርጣሉ፣ የግሪቦቭ ቅጂዎችም ኮምፒውተሩ ውስጥ ተመልሰው ይመጡባቸዋል።