ቆቋን ማን አገኛት? ስለ ኢትዮጵያ ወፎች ጥናት ታሪክ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሰንበት ሰንበት ባይኖኩላር አንግተን ወፍ ለማየት ስንወጣ፣ ከወፉ ይልቅ የወፉ ታሪክ ይበዛል። «ይህን ያገኘው እገሌ የሚባል ጀርመን ነው»፣ «ይኼ በዓለም ላይ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው»፣ «ብሩስ የሚሉት ሰውዬ እንኳ ቀጣፊ ነበር»። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የተጣመመ ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሣቸው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የኢትዮጵያን ወፎች ያገኟቸው ፈረንጆች ናቸው»

በሳይንስ መዝገብ ላይ ያሰፈሯቸው ቢባል ልክ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው በ1831 በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ የሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አዳርሶ ሲመለስ ይዞት የሄደው ስብስብ ጉድ የሚያሰኝ ነው። ጧት ጧት በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ባለ ቆልማማ ምንቃር ወፍ፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ምንቃረ ወፍራም ቁራ፣ ገደልና ጣሪያ ላይ የሚሰፍረው አንገተ ነጭ ርግብ፣ ክንፈ ሰማያዊው የደጋ ዝይ፣ የሁሉንም የመጀመሪያ ሳይንሳዊ መግለጫ የጻፈው እሱ ነው። ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳንም እንዲሁ። ስብስቡን ያስረከበው በከተማው ለሚገኘው ለዜንከንበርግ ሙዚየም ነው።

ግን መጻፍና ማግኘት ይለያያሉ። የጭላዳ ሳይንሳዊ ስም «ጌላዳ» ይላል፣ የዋልያም «ዋሊ»። ሩፔል እነዚህን ስሞች ከራሱ አላወጣቸውም፤ ሰው ሲጠራ ሰምቶ ነው የጻፋቸው። ስም የወጣለት እንስሳ ደግሞ ቀድሞውኑ ተገኝቷል።

እኔን የሚያስቀኝ የቆቅ ነገር ነው። በገደላ ገደሉ የምትሮጠው ትልቋ የደጋ ቆቅ በሳይንሱ ዓለም የምትጠራው በኤርክል ስም ነው። ቴዎዶር ኤርክል የሩፔል ረዳት ነበር፤ ሥራው የተገደለውን ወፍ ገፍፎ ቆዳውን ማድረቅ ነው። ገበሬው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በወጥመድ ሲይዛት የኖረች ቆቅ በገፋፊዋ ስም ተጠርታ ቀረች። ይህ አልበቃ ብሎ ኋላ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወስዳ እዚያ ረብታለች፤ የሃዋይ አዳኞችም «ኤርክል» እያሉ ያሳድዷታል።

«ብሩስ ቀጣፊ ነበር»

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ኢትዮጵያ የገባው በ1769 ነው። አገሩ ተመልሶ ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ቢል የለንደን ሰው ሳቀበት። የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ደራሲው ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ሰውየው አቢሲኒያን መርገጡን እስከ መጠራጠር ደረሰ። ብሩስ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው፤ የመጨረሻው ቅጽ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ነው። ወፎቻችንን የሚያውቅ ሰው ያንን ቅጽ ሲያነብ ጥርጣሬው ይለቀዋል። «እርኩም» አለ። «ንስር» አለ። «ንስር ጥቁር» አለ። ሁሉም በላቲን ፊደል ተጽፈው፣ በሥዕል ተደግፈው።

የሊማሊሞውን ታሪክ ልብ በሉ። አሽከሮቹ ተራራው አናት ላይ የፍየል ሥጋ እየቀቀሉ ሳለ ትልቅ ባለ ጺም አሞራ መጥቶ መሐላቸው ዱብ አለ። ሰዎቹ ጦርና ጋሻቸውን ሊያመጡ ሲሮጡ እሱ እግሩን ድስቱ ውስጥ ከተተ። ውሃው ሲያቃጥለው መዘዘውና ከእንጨት ገበታ ላይ ከነበረው ሥጋ አንድ ታፋና አንድ ወርች በሁለት ጥፍሩ አንጠልጥሎ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ለተረፈው ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ በጥይት መታው። ክንፉ ሲለካ 8 ጫማ ከ4 ኢንች ሆነ፤ ይህ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ትክክል ነው። ክብደቱን 22 ፓውንድ አለው። እዚህ ላይ ሳይጨምርበት አልቀረም፤ አሥር ኪሎ የሚመዝን ባለ ጺም አሞራ የለም። ወፉን ሲያገላብጠው እጁ ቢጫ ዱቄት በመሰለ ነገር ተለወሰና ተገረመ። ዛሬ እንደምናውቀው ይህ አሞራ ብረት ያለበት ቀይ አፈር ፈልጎ ላባውን ይቀባል፤ ብሩስ እጅ ላይ የቀረውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ያልነበረ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

ብሩስ በእርግጥ የዋሸበት ቦታ ሌላ ነው። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት መጥቶ፣ ብዙውን ዕፅና ወፍ ሥሎ፣ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ ሥራ አድርጎ አቀረባቸው። ስለዚህ ከሥጋው ወሬ ይልቅ በባሉጋኒ ቢታማ ፍትሕ ነበር።

የተሳሳተበትም አለ። ማር ጠቋሚዋን ወፍ እያወቃት ሰውን ወደ ቀፎ ትመራለች የሚለውን አላምንም አለ፤ ቀፎ በሞላበት አገር ወፍ መሪ ምን ያደርጋል የሚል ክርክር አመጣ። ከእሱ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የመጣው ጄሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ግን «ሞሮክ» ብሎ የመዘገባት ወፍ ማር ትጠቁማለች ብሎ ጽፎ ነበር። ነገሩ በቁጥር የተረጋገጠው በ1989 ነው፤ ሁሴን ኢሳክና አንድ የሥራ ባልደረባው በሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ቆራጮች ጋር ሠርተው ሰዎቹ ያለ ወፏ አንድ የንብ መንጋ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት፣ ወፏ ስትመራቸው 3.2 ሰዓት እንደሚፈጅባቸው አሳዩ። ለቦረና ሰው አዲስ ወሬ አልነበረም።

«ከእነሱ በፊት ስለ ወፍ የተጻፈ የለም፤ ንስርም በአርባ ዓመቱ ምንቃሩን ይሰብራል»

ሁለቱን አብሬ ያነሣኋቸው ተያያዥ ስለሆኑ ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ እንደተተረጎመ የሚታመነው ፊሳልጎስ ስለ ወፎችና አራዊት ጠባይ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ንስር ሲያረጅ ወደ ፀሐይ በርሮ ላባውን ያቃጥላል፣ ከምንጭ ተነክሮም ይታደሳል የሚለው ታሪክ ከዚሁ የፊሳልጎስ ወግ ነው። ታሪኩ መሠረት ያደረገው «ጎልማስነትሽን እንደ ንስር ያድሳል» የሚለውን የመዝሙር ቃል ነው። ምንቃሩን በዓለት ላይ ቀጥቅጦ ይሰብራል የሚለውን ደግሞ ቅዱስ አውግስጢኖስ መዝሙሩን ሲተረጉም አንሥቶታል።

ስለዚህ በየስብከቱና በየማነቃቂያ ንግግሩ የምንሰማው «ንስር አርባ ሲሞላው ምንቃሩን ሰብሮ፣ ጥፍሩን ነቅሎ፣ ሌላ ሠላሳ ዓመት ይኖራል» የሚለው የጥንቱ ምሳሌ ቁጥር ተጨምሮበት ነው። ምንቃር የሌለው ንስር መብላት አይችልም፤ አዲስ እስኪበቅልለትም በረሃብ ያልቃል። የፊሳልጎስ ጸሐፊ ግን ወፉን ለክቶ ሊያሳየን አልተነሣም፤ ትምህርተ ሃይማኖት ሊያስተምር ነው የጻፈው። ስህተቱ ምሳሌውን እንደ ሥነ ሕይወት ያነበብነው የእኛ ነው።

«ስሙ ላይ አቢሲኒያ ካለ የእኛ ብቻ ነው»

አይደለም። እርኩም በሳይንሳዊ ስሙ «አቢሲኒኩስ» ነው፤ ግን ከእኛ እስከ ሴኔጋል ድረስ ይገኛል። ጭራው ረጅም፣ ገላው ሰማያዊ የሆነው ወፍም በዚያው ስም ተጠርቶ እስከዚያው ድረስ ይኖራል። ሁለቱም ስም የወጣላቸው በ1783 ነው። በዚያ ዘመን ለአውሮፓ ወሬው ወይም ቆዳው ቀድሞ የመጣበት አገር በወፉ ላይ ይጻፋል፤ የቀረውን አፍሪካ ማን ዞሮ አየውና?

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ብርቅዬ ወፎቻችን ይህን ያህል ናቸው» የሚለው ቁጥር ነው። የቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር ሲያሳትም ኤርትራ አብራ ነበረች። ከ1993 በኋላ ግን ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ፣ አንገተ ነጩ ርግብና ሌሎችም የሁለት አገር ሆኑ። ወፎቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ግን ዛሬም የእኛው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ተመራማሪዎች አንዱን ዝርያ ሲከፍሉ፣ ሁለቱን ሲያዋህዱ ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ የሊበን ሜዳዋ ትንሽ ወፍ ለብቻዋ ዝርያ ተብላ ከቆየች በኋላ ከሶማሌላንዷ ጋር አንድ ናት ተብላለች።

«ከመቅደላ የወጣው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ብቻ ነው»

በ1868 መቅደላን ከወረረው ከእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጋር ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል የጂኦሎጂ ሰው ነበር፤ ድንጋይም ወፍም እየሰበሰበ መቅደላ ድረስ ሄዷል። የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበርም ዊሊያም ጄሲን ልኮ ነበር። የብላንፎርድ ዘገባ በ1870 ታተመ። ስለ መቅደላ ቅርስ ሲወራ ይህ የሚነሣበት ጊዜ የለም፤ እኔም ከታቦቱ እኩል ይታይ አልልም። ግን ያው ዘመቻ ነው።

«አጥኚዎቹ ወፍ በማየት ያጠኑ ነበር»

በጠመንጃ ነበር የሚያጠኑት። ገድሎ፣ ገፍፎ፣ ወረቀት አስሮ መላክ ነው ሥራቸው። ሠዓሊዎቹም እንዲሁ። ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ከቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር በ1926 መጥቶ ሲሥል፣ ከተገደለ ብዙ ባልቆየ ወፍ ላይ ነበር የሚሠራው፤ የዓይንና የምንቃር ቀለም ቶሎ ይደበዝዛልና። በ1927 አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ባቡር መኪናውን ገጭቶት ሞተ። የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ መኪናው ውስጥ ነበሩ፤ ተወርውረው ሳይጎዱ ተገኙ።

«ሁሉም መንገደኛ ነበር»

ኦራዚዮ አንቲኖሪን ምን እንበለው ታዲያ? ጣሊያናዊው ሽማግሌ በ1876 ሸዋ መጥቶ፣ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ንጉሥ ምኒልክ ሰጥተውት እዚያ ሰፈረ። ቀኝ እጁ በአደን ላይ ክፉኛ ተጎድቶም ወፍ መሰብሰቡን አልተወም፤ በ1882 እዚያው ሞቶ ተቀበረ። የዕፅዋት ሰው የነበረው ዊልሄልም ሺምፐርም በ1837 ትግራይ ገብቶ፣ አግብቶ ወልዶ፣ ዓድዋ ላይ ነው ያረፈው።

በተቃራኒው ልዑል ሩስፖሊ አለ። ደቡብ ላይ ያማረ ባለ ነጭ ጉትያ ወፍ ሰበሰበ፤ በ1893 ዝሆን ገደለው። ወፉ ጣሊያን ሲደርስ የት እንደተያዘ የሚናገር ጽሑፍ አልነበረውም። በ1896 በስሙ ተሰየመ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1940ዎቹ ያገኘው አልነበረም።

«ከእነሱ በኋላ ያልተገኘ አልቀረም»

አንቲኖሪ ዓመታት በኖረበት በዚያው በአንኮበር ገደል ላይ፣ ድንቢጥ የምታክል ቡናማ ጥሬ በል ወፍ ትኖራለች። ለሳይንስ የታወቀችው እንግሊዛዊው የወፍ አጥኚ ጆን አሽ በ1976 ካገኛት በኋላ ነው፤ ስሟም የአንኮበር ሆነ። የዚያው አካባቢ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነች ዘመዷ ደግሞ በ1880ዎቹ ጥቂት ናሙና ከተወሰደ ወዲህ እስከ 1989 ጠፍታ ነበር፤ ከሁለት ዝርያ የተዳቀለች ናት የሚሉም ነበሩ።

በ1990 ደግሞ የካምብሪጅ ቡድን ነጭ ሳር ሜዳ ላይ መንገድ ዳር የሞተ የሌሊት ወፍ አገኘ፤ ባለ ላባዋን ማለቴ ነው፣ ከመሬት ላይ የምትተኛዋን። አካሏ ስለ ፈረሰ አንድ ክንፍ ብቻ ተረፈ። በክንፉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ከሚታወቁት ከማናቸውም ጋር አልገጠመም። በ1995 አዲስ ዝርያ መሆኗን አምስት ሰዎች በጋራ ጻፉ፤ አንዱ ኢትዮጵያዊው ጨመረ ዘውዴ ነው። ስሟን «ሶላላ» አሏት፤ በላቲን ክንፍ ብቻ እንደ ማለት ነው። ሙሉ አካሏን የያዘ ሙዚየም እስካሁን የለም።