ቅኝ የተገዙ አገሮች በአውሮፓውያን ልቦለድ

አውሮፓውያን ደራስያን አገሮቻቸው በቅኝ ስለገዟቸው ሕዝቦች ብዙ ልቦለድ ጽፈዋል። አንዳንዶቹ ግፉን በግልጽ አውግዘዋል። እኔ ግን እነዚህን መጻሕፍት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የአገሩ ሰው ስም አለው? ይናገራል?

ብዙ ጊዜ የሚነሳው የጆሴፍ ኮንራድ «ሃርት ኦፍ ዳርክነስ» ነው። ኮንራድ በ1890 እ.ኤ.አ. በኮንጎ ወንዝ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ተጉዟል። ኮንጎ ያኔ የቤልጂጉ ንጉሥ የሊዮፖልድ 2ኛ የግል ይዞታ ነበረች። በ1899 መጀመሪያ በመጽሔት የወጣው ታሪክ ዝርፊያውን ያጋልጣል። ኮንጎዎቹ ግን ከቅጠል መሃል ብቅ የሚል እጅና እግር፣ ከሩቅ የሚሰማ ጩኸት ናቸው። አፍ አውጥተው የሚናገሩት ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1975 አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ንግግር ይህን አንስቶ ኮንራድን ዘረኛ ብሎታል። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ይለያል። «ኤ ፓሴጅ ቱ ኢንዲያ»ን በ1924 ከማሳተሙ በፊት ሕንድ ሁለቴ ሄዷል፤ በሁለተኛው ጉዞ የአንድ ማሃራጃ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። የሱ ዶክተር አዚዝ ስም፣ ሙያ፣ ልጆች፣ ኩርፊያም አለው። በሐሰት ተከሶ ነፃ ቢወጣም ከእንግሊዛዊው ወዳጁ ጋር እንደ ድሮው መሆን አይችሉም።

በፈረንሳዊው አልበር ካሙ «ባይተዋሩ» (1942) ውስጥ አልጄሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚገደለው ሰው «ዐረቡ» ብቻ ነው። አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ በ2013 ባወጣው ልቦለድ የሟቹን ወንድም ተራኪ አደረገው። ለሟቹም ሙሳ ብሎ ስም አወጣለት።

እኛ ቅኝ ባንገዛም የጣሊያን ወረራ የራሱን መጽሐፍ አፍርቷል። ኤንዮ ፍላያኖ በዚያ ጦርነት የዘመተ ሰው ነው። «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ» የተሰኘው ልቦለዱ በ1947 ስትሬጋ የተባለውን የጣሊያን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኗል። አንድ መኮንን ገላዋን ስትታጠብ ካገኛት ኢትዮጵያዊት ጋር ያድራል። ቋንቋ አይግባቡም። ሌሊት አውሬ መስሎት ሲተኩስ ጥይቱ ነጥሮ ያቆስላታል፤ ኋላም ራሱ ይገድላታል። ከዚያ ወዲህ የምናነበው የሱን ፍርሃት ነው። በልቦለዱ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ምልክት የሆነውን ነጭ ጥምጥም አድርጋ ስለነበር፣ የሥጋ ደዌ አስይዛኝ ይሆን እያለ ይባዝናል። እኔን የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሟቿ እሷ ሆና ሳለ ጭንቀቱ ሁሉ የገዳዩ ነው።

አዲስ አበባ የተወለደችው መዓዛ መንግሥቴ በ2019 ያሳተመችው «ዘ ሻዶ ኪንግ» ስለዚያው ጦርነት ነው። ታሪኩ ሲከፈት ዓመቱ 1974 ነው። በጦርነቱ የዘመተችው ሂሩት አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አንድ ጣሊያናዊ ወታደር ያነሳቸው ፎቶዎች ያሉበትን ሳጥን ይዛለች፤ የመጣችው ለራሱ ለወታደሩ ልትመልስለት ነው።