የጨርቅ ክንፍ ቀዳዳዎችን አትድፈኑ!

«ፀሐይ» የተባለችው የድሮ አውሮፕላን በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ከተመለሰች ወዲህ ፒያሳ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር ስለ ድሮ አውሮፕላን የሚያወራ ሰው አላጣም። ደስ ይለኛል። ስለ ጨርቅ ክንፍ፣ ማለትም በእንጨት ወይም በብረት አጥንት ላይ ጨርቅ ተወጥሮ ስለሚሠራው ክንፍ፣ የሚወራው ስህተት ግን አሰልችቶኛል።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፦ «ክንፉ ስር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ውሃ ያስገባሉ፣ ድፈኗቸው።» ኧረ በፈጠራችሁ! የውሃ ማስወጫዎች ናቸው። ውሃ የሚገባው መሪውን የሚስበው ገመድ በሚወጣበት ቀዳዳ፣ በመፈተሻ ክዳኑ ጠርዝና በተሰነጠቀ ቀለም ነው። ዝናብ ሳይነካውም ይጠራቀማል። ቀን ሞቃትና እርጥብ አየር ይገባል፣ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ሲመጣ ጠብታ ይሆናል። የቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ከውስጥ ሲያልበው አይታችሁ የለ? እሱው ነው። «ሃንጋር ውስጥ ስለሚያድር ውሃ የለበትም» የሚለውም በዚሁ ወደቀ።

አንድ ጊዜ አዲስ ቀለም የተቀባ ክንፍ ለምርመራ ቀረበልኝ። ቀቢው ቀዳዳዎቹን በሙሉ በቀለም ዘግቷቸዋል። ስናነቃንቀው ውስጡ ውሃ ይንቦጫረቃል። ጨርቁን ስንገልጥ የኋላ ጠርዙ እንጨት በጣት ይፈርሳል፣ ሙጫውም ለቋል። በድሮዎቹ ክንፎች ላይ ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ሙጫ ታገኛላችሁ፣ እሱ ደግሞ እርጥበትና ሻጋታ አይችልም። እንጨቱም እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ፈንገስ ይበላዋል።

«ለአንድ ክንፍ አንድ ቀዳዳ ይበቃል» የሚሉም አሉ። አይበቃም! ጭራዋ ላይ ጎማ ያላት አውሮፕላን ስትቆም አፍንጫዋ ቀና ስለሚል ውሃው ወደ ኋላ ጠርዝ ይወርዳል፣ እዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ሪብ (የክንፉን ቅርጽ የሚይዘው የጎድን አጥንት) እንደ ግድብ ያቆመዋል፣ ስለዚህ በሁለት ሪቦች መሃል ያለው እያንዳንዱ ክፍል ዝቅተኛው ቦታው ላይ የራሱ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

«ክንፉ የለበሰው ፖሊስተር ጨርቅ አይበሰብስም።» ልክ ነው፣ ስሩ ያለው እንጨት ግን ይበሰብሳል፣ ብረቱም ይዝጋል።

«ትንሽ ውሃ ምን ያመጣል?» መሪዎቹ፣ ማለትም አውሮፕላኑን የሚያዞሩትና ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ላይ፣ ብዙ ያመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ክንፋቸው ብረት ቢሆንም መሪዎቻቸው ጨርቅ የለበሱ ናቸው። ከማጠፊያው ኋላ ውሃ ሲተኛ የመሪው ሚዛን ይዛባል፣ አየር ላይ በኃይል ሊርገበገብና ሊገነጠል ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል።

እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። ግሮሜቱ (የቀዳዳውን ጠርዝ የሚያጠነክረው ትንሽ ቀለበት) በዶፕ፣ ጨርቁን በሚያጠብቀው ቅብ፣ ተለጥፎ ቀለም ካለቀ በኋላ መሃሉን መብሳት አትርሱ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ቆብ ያለው ከሆነ አፉ ወደ ኋላ ይዙር፣ ያኔ የአየሩ ፍሰት እርጥበቱን ይስባል፤ ወደ ፊት ካዞራችሁት ዝናቡን ታስገቡታላችሁ። ከሰኔ በፊትና ከእያንዳንዱ ቀለም በኋላ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ጫፉ በደነዘዘ ቀጭን እንጨት ፈትሹ፣ ተርብም በጭቃ ይደፍናቸዋልና። ሻጋታ ከሸተታችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ በባትሪ እዩ። ውሃ ከወጣ ደግሞ ከየትኛው ክፍል እንደወጣ መዝገቡ ላይ ጻፉ፣ ቀጣዩ ሜካኒክ ፍተሻውን ከዚያ ይጀምር።